ክትትል ሲበዛ፥ ንግግር ሲያንስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

 

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ብዙዎቻችን በልባችን ይዘነው የምንዞር፥ ነገር ግን በጉባኤ መካከል ተነሥተን ለመጠየቅ የምናፍርበት ነው። ይኸውም ለጋብቻ በሚተጫጩ ወጣቶች መካከል ፍቅር ስለ ምን ይታመማል? የሚለው ጥያቄ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ጋብቻ በሁሉ ዘንድ የከበረ እንዲሆን አስተምሮናል (ዕብ. 13፥4)። ጋብቻው እንዲከበር ደግሞ ወደ ጋብቻው የሚወስደው መንገድ መከበር አለበት። መንገዱ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ተጓዦቹ ከደጁ ሳይደርሱ ይለያያሉ፤ ወይም ቆስለው ይገባሉ።

እጮኛሞች ሲለያዩ ሰው ሁሉ «ፍቅራቸው አነሰ» ይላል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን ብዙውን ጊዜ ያነሰው ፍቅር ሳይሆን ንግግር ነው፤ የበዛውም ፍቅር ሳይሆን ክትትል ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲታዩ ተቃራኒ ይመስላሉ። አንዱ መብዛት፥ ሁለተኛው ማነስ ነውና። ሥራቸው ግን አንድ ነው። ሰው «አጣሻለሁ ብዬ ፈራሁ» ብሎ መናገር ሲያቅተው መከታተል ይጀምራል። «ይህ ነገር ከበደኝ» ብላ መናገር ያቃታት ልጅም መሸሽና መደበቅ ትጀምራለች። ከልክ ያለፈ ክትትል ያልተነገረ ፍርሃት ነው። ይህን አንድ ነገር በልባችን ይዘን ወደ ፊት እንሂድ።

ዝናሙና ፈሰሱ

ነገሩን ሁላችንም በምናውቀው ምሳሌ እንመልከተው። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ባሉት ወረዳዎቻችን የሚያርስ ገበሬ ክረምት ሲገባ በማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰስ የበዛው ውሃ ከማሳው የሚወጣበት ቦይ ነው። ገበሬው ዝናም በረከት መሆኑን ስቶት አይደለም፤ ዝናም ባይመጣ ምህላ ይዞ የሚለምን እርሱ ራሱ ነውና። ነገር ግን በመረሬ መሬት ላይ ውሃ ከተኛ ሥሩ ይበሰብሳል፥ ቡቃያውም ይገረጣል። በረከቱ መውጫ በማጣቱ ብቻ ጥፋት ይሆናል።

ፈሰስም ራሱ ጥበብ ይጠይቃል። ቁልቁለቱን ተከትሎ ቀጥ ብሎ የወረደ ፈሰስ አፈሩን እየጠረገ ውሎ አድሮ ቦረቦር ይሆናል። ስለዚህ ብልህ ገበሬ ውሃው በዝግታ እንዲወርድ አድርጎ አግድም ይቀደዋል። ደግሞም ፈሰሱን በጎረቤቱ ማሳ ላይ የለቀቀ ሰው ከእህሉ ይልቅ ጠብ ያመርታል።

እንግዲህ አንዱ ለሌላው የሚሰጠው ትኩረትና እንክብካቤ ዝናሙ ነው። ፈሰሱ ደግሞ ንግግር ነው። ንግግር የሌለበት እንክብካቤ ልብ ላይ ተኝቶ ሥሩን ያበሰብሳል። እንዲሁም በቁጣ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ንግግር ልብን ይቦረቡራል። በሁለቱ መካከል ሊያልቅ የሚገባውን ነገር ለጓደኛና ለጎረቤት መልቀቅም ጠብን ያበዛል። ሦስቱንም ጥፋቶች በመካከላችን እናያቸዋለን።

ክትትል ሲበዛ

ጎጃም የማር አገር ነውና ጠቢቡ ሰሎሞን በማር ያስተማረውን ትምህርት ለመረዳት አይቸግረንም። በመጽሐፈ ምሳሌ 25ኛው ምዕራፍ፥ ቁጥር 16 እና 17 ላይ፥ ማር ያገኘ ሰው የሚበቃውን ያህል ብቻ እንዲበላ፥ ከጠገበ በኋላ ግን እንዳይተፋው ይመክራል። ወዲያው አስከትሎም ወደ ባልንጀራ ቤት እግር ማብዛት መሰልቸትን፥ መሰልቸትም ጥላቻን እንደሚያመጣ ይነግረናል። ጠቢቡ ማሩ ክፉ ነው አላለም፤ ባልንጀራህንም አትጠይቅ አላለም። መጠን ይኑርህ ነው ያለው።

በጥንቱ ጊዜ እግር የሚበዛው ወደ ቤት ነበር፤ ዛሬ የሚበዛው በስልክ ነው። ለምሳሌ ወንዱ አዲስ አበባ ሥራ ይዟል፥ ልጅቱ ደግሞ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች እንበል። በመካከላቸው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና የዓባይ በረሃ አለ። ማለዳ ይደውላል፤ ትምህርት ከመግባቷ በፊት ይደውላል፤ ስትወጣ ይደውላል። ያላነሣች እንደ ሆነ አሥር ጊዜ ይደጋግማል። «የት ነበርሽ? ከማን ጋር ነበርሽ? በቴሌግራም ገብተሽ ሳለ ለእኔ ስለ ምን አልመለስሽም?» ይላል። ውሎ አድሮም የስልኳን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ከዚያም ከጓደኞቿ መካከል አንዷን ወሬ አቀባይ ያደርጋል። ይህን የሚያደርጉት ወንዶች ብቻ አይደሉም፤ እጮኛዋ ከማን ጋር ቡና እንደ ጠጣ በየሰዓቱ ካልተነገራት የማታድር እኅትም አለች።

አስተውሉ! እነዚህ ሁለት ሰዎች በቀን ሃያ ጊዜ ድምፅ ለድምፅ ይሰማማሉ፤ ነገር ግን አልተነጋገሩም። «የት ነህ?» «እዚህ ነኝ» መባባል የዘብ ጠባቂና የአላፊ አግዳሚ ቃል እንጂ የእጮኛሞች ጭውውት አይደለም። ስለሚያስፈራቸው ነገር፥ ስለ ቤተሰቦቻቸው፥ ስለ እምነታቸው፥ ወደ ፊት ስለሚመሠርቱት ቤት አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ ዓመቱ ያልፋል።

የክትትል ፍሬ ምን እንደ ሆነ በመጽሐፈ መሳፍንት 16ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ደሊላ የሶምሶንን ምሥጢር ለማወቅ ዕለት ዕለት ትነዘንዘው ነበር። «ብትወደኝስ ኖሮ» የሚለውን ነገርም እንደ መሣሪያ ተጠቀመችበት። ሶምሶን ግን ሦስት ጊዜ ዋሻት። በአራተኛው ነፍሱ እስክትወጣ ድረስ ስለ ተጨነቀ ምሥጢሩን ገለጠላት፤ በዚህም ዓይኑን አጣ። ደሊላ የምትሠራው ለፍልስጥኤማውያን ገንዘብ ስለ ነበረ በእርሷና በእኛ መካከል ልዩነት እንዳለ የታወቀ ነው። ነገር ግን የንዝነዛው መንገድ አንድ ነው፤ ፍሬውም አንድ ነው። የሚነዘነዝ ሰው መጀመሪያ መዋሸትን ይማራል። ላለመጣላት ሲል «ቤት ነኝ» ይላል፤ ቤት ግን አይደለም። ስለዚህ ውሸትን ለመያዝ የተጀመረው ክትትል ውሸትን ይወልዳል።

የሚከታተለውም ሰው ቢሆን ዕረፍት የለውም። ስልኳን መርምሮ አንዳች ያጣ እንደ ሆነ «ታማኝ ናት» ብሎ አይተኛም፤ «አጥፍታው ይሆናል» ይላል። ጥርጣሬ በማስረጃ አይጠግብምና። እምነት የሚመጣው ሌላውን በመጠበቅ ሳይሆን ራስን ገልጦ በመናገር ነው።

ንግግር ሲያንስ

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንመለስ። አገራችን የቅኔ አገር ናት። ዋሸራ፥ ጎንጅና ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርት ስማቸው በኢትዮጵያ ሁሉ የታወቀ ነው። ከዚህም የተነሣ ሰም ላይ ሌላ፥ ወርቁ ውስጥ ሌላ አድርጎ መናገር በደማችን ያለ ይመስላል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ በቅኔ ማኅሌት እግዚአብሔርን እናመሰግንበታለን።

በእጮኛሞች መካከል ግን ሰምና ወርቅ ቤት አያቆምም። ልጅቱ «ሥራ ይበዛብሃል መሰለኝ» ትላለች፤ ወርቁ «ረሳኸኝ» ማለት ነው። እርሱ ደግሞ ሰሙን ብቻ ሰምቶ «አዎን፥ ይበዛብኛል» ይላል። እርሷ ታለቅሳለች፤ እርሱ ስለ ምን እንዳለቀሰች አያውቅም። ቅኔ የሚፈታው ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ዓመታት ቁጭ ብሎ ነው። እጮኛህ የቅኔ ተማሪህ አይደለችም፤ አንተም የቅኔ ተማሪዋ አይደለህም። ጌታችን በወንጌል አዎን የምንለው ነገር አዎን፥ አይደለም የምንለውም አይደለም እንዲሆን አዝዞናል (ማቴ. 5፥37)። ይህ ትእዛዝ ለፍርድ ቤት ምስክሮች ብቻ የተሰጠ አይደለም።

ሌላው የንግግር ጠላት ይሉኝታ ነው። «ብነግረው ምን ይለኛል?» «ብጠይቃት የቀናሁ እመስላለሁ» እያልን የሚቆጠቁጠንን ነገር እንውጠዋለን። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት ለሥጋ በሽታ ብቻ አይደለም። ሦስተኛውም ጠላት ኩርፊያ ነው። ኩርፊያ ዝምታ ቢመስልም ዝምታ አይደለም፤ ቃል የሌለው ዱላ ነው። ያኮረፈ ሰው «ጥፋትህን ራስህ ፈልገህ አግኝ» እያለ ሌላውን በጨለማ ያስኬደዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ፀሐይ በቁጣችን ላይ እንዳትጠልቅ የመከረን (ኤፌ. 4፥26) ያደረ ኩርፊያ ሥር ስለሚሰድድ ነው።

ከልክ ያለፈ ትኩረትና የንግግር መጥፋት አንድ ላይ ሲገናኙ የሚያደርሱት ጥፋት በ2ኛ ሳሙኤል 13ኛው ምዕራፍ ላይ በግልጽ ተጽፏል። የዳዊት ልጅ አምኖን ትዕማርን ወደደ፤ ከመውደዱም የተነሣ እስኪታመም ድረስ ከሳ። ሌት ተቀን የሚያስበው እርሷን ነበር። ነገር ግን ለአባቱም ለእርሷም አልተናገረም። የተናገረው ለወዳጁ ለኢዮናዳብ ነው፤ ኢዮናዳብም የሰጠው ምክር የተንኮል ምክር ነበረ። በዚያች ክፉ ሰዓት ትዕማር ወደ ንጉሡ ሄዶ እንዲናገር ለመነችው። ለማምለጥ የፈለገችበት በር ይኸው አንድ በር ነበረ፤ ይኸውም ንግግር ነው። አምኖን ግን ቃሏን አልሰማም፤ በጉልበት አዋረዳት። ወዲያውም አስቀድሞ ከወደዳት ይልቅ የጠላት ጥል በለጠ። እርሷ ልብሷን ቀዳ እያለቀሰች ወጣች፤ በወንድሟም በአቤሴሎም ቤት ብቸኛ ሆና ተቀመጠች።

የእጮኛውን ቃል መስማት የማይፈልግ ትኩረት፥ ስሙ ፍቅር ቢባል እንኳ፥ የአምኖን ትኩረት ነው። «ያለ እርሷ አልኖርም» ማለት ብቻውን የፍቅር ማስረጃ አይሆንም። «እርሷስ ምን ትላለች?» ብሎ መጠየቅ ነው ማስረጃው።

ይህ በመጽሐፍ ብቻ ያለ ታሪክ እንዳይመስለን። በአገራችን ጠለፋ ለብዙ ዘመን እንደ ጋብቻ መንገድ ይቈጠር ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከቅጣት የሚድንበት ቀዳዳ ነበረው። ይህ ቀዳዳ የተዘጋው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ስለዚህ ዛሬ «ወድጃት ነው» ማለት ጠላፊን በሕግ ፊት አያድነውም። በእግዚአብሔር ፊት ደግሞ ከመጀመሪያውም አድኖት አያውቅም።

ልጅቱን ጠይቋት

የይስሐቅና የርብቃ ጋብቻ የተፈጸመው ከዚህ በተለየ መንገድ ነው። የአብርሃም ሎሌ ርብቃን ይዞ ለመሄድ በቸኮለ ጊዜ ቤተሰቦቿ ብላቴናይቱን ጠርተው ከአፏ ሊሰሙ ወሰኑ። ጠሩአትና ከዚህ ሰው ጋር ትሄጅ እንደ ሆነ ጠየቋት፤ እርሷም እሄዳለሁ አለች (ዘፍ. 24፥57-58)። ስጦታው ተሰጥቷል፤ የቤተሰቡም ፈቃድ ተገኝቷል። ነገር ግን የእርሷ ቃል ሳይሰማ ግመሎቹ አልተነሡም።

የቤተ ክርስቲያናችንም ሥርዓት ይህንኑ ይከተላል። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጋብቻ በሚናገረው በ24ኛው አንቀጽ ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ እንደሚጸና ይደነግጋል። በልማድ ግን ይህ ሥርዓት ብዙ ጊዜ ተዘንግቷል። ልጅቱ በሕፃንነቷ ስትዳር ቃሏን የጠየቀ አልነበረም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው፤ የክልላችንም የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ይህንኑ አጸና። ሁለቱም ፈቃዳቸውን በነጻነት እንዲሰጡ ሕጉ ያዝዛል። ፈቃድ የሚባለው ነገር ንግግር ነው፤ ዝም ያለች ልጅ ፈቀደች አይባልም።

ከልክ ያለፈ ጥበቃ ከእጮኛ ብቻ ሳይሆን ከወላጅም ይመጣል። የደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወላጅ የሆኑት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልብ ወለድ ይህን የጎጃምን ኑሮ ያሳየናል። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጡትን ጠያቂዎች በትውልድ እያናናቁ ሲመልሱ ዕድሜዋ እየገፋ ይሄዳል። ልጃቸውን አይወዱም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን የእርሷን ልብ አልጠየቁም። በሰብለና በመምህሯ በበዛብህ መካከል የተነሣውም ፍቅር በአደባባይ የሚነገርበት መንገድ ስላልነበረው በስውር ኖሮ በስደትና በሞት ይፈጸማል። መጽሐፉን ያነበበ ወይም በራዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰማ ሁሉ ያዝናል። ከማዘናችን ጋር ግን ልንማር የሚገባን ነገር አለ፤ መከልከልና መጠበቅ ብቻውን ልጅን አያድንም፥ ማነጋገር ያድናል።

እግዚአብሔር ሲጠይቅ

እስካሁን የሰውን ክትትል አየን። አሁን ደግሞ የእግዚአብሔርን ትኩረት እንመልከት። ከእርሱ የሚበልጥ ተመልካች የለም፤ የራስ ጠጉራችን እንኳ በእርሱ ዘንድ የተቈጠረ ነው (ማቴ. 10፥30)። አዳም ባጠፋና በተሸሸገ ጊዜ እግዚአብሔር የተሸሸገበትን ዛፍ ያውቅ ነበር። ነገር ግን ከዛፉ ሥር ጎትቶ አላወጣውም፤ ወዴት እንዳለ ጠየቀው (ዘፍ. 3፥9)። አዋቂው አምላክ ስለ ምን ጠየቀ? ለመያዝ ብሎ አይደለም፤ ይዞት ነበርና። አዳም ራሱ ወጥቶ እንዲናገር በር ለመክፈት ነው። አዳምም በመለሰው መልስ መጀመሪያ የተናገረው መፍራቱን ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ እኛም በየቀኑ በስልክ የምንጠይቀው ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ ወዴት ነህ፥ ወዴት ነሽ እንላለን። ቃሉ አንድ ነው፤ ልቡ ግን የተለያየ ነው። የእኛ ጥያቄ ሌላውን ለመያዝ ሲሆን፥ የእግዚአብሔር ጥያቄ ግን የፈራውን ሰው ፍርሃቱን እንዲናገር ለማድረግ ነው። እንዲሁም ጌታችን በዮሐንስ ራእይ 3፥20 ላይ በደጅ ቆሞ እንደሚያንኳኳ፥ የሚከፍትለት ካገኘም እንደሚገባ ተናግሯል። ሁሉን የሚችል አምላክ በሩን አልሰበረም፤ አንኳኳ። እኛ ታዲያ በሌላው ሰው ልብ በር ላይ ከፈጣሪው ይልቅ ምን ሥልጣን አለን?

አረጋዊው ጻድቅ ዮሴፍም እመቤታችንን ይጠብቃት ዘንድ በታጨችለት ጊዜ ያልገባው ነገር ሲያጋጥመው በአደባባይ አላጋለጣትም፤ ሊገልጣትም አልወደደም (ማቴ. 1፥19)። ጊዜ ሰጠ፤ አሰበ፤ በዚያ ሳለም የእግዚአብሔር መልአክ እውነቱን ነገረው። እኛ ግን አንድ የማይገባን ነገር ስናይ ከመተኛታችን በፊት ለአምስት ጓደኛ እናሠራጫለን።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ ፍርሃታችንን በስሙ እንጥራው። «ስለ ምን አላነሣሽም?» ከማለት ይልቅ «ሳታነሺ ስትቀሪ የተውሽኝ ይመስለኛል» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ሌላውን ተከሳሽ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ግን የራስን ልብ ይገልጣል። ይህን ለመናገር ትሕትና ያስፈልጋል፤ ለዚህም ነው ለብዙዎቻችን የሚከብደን።

ሁለተኛ፥ ብዙ ጊዜ ከመደወል አንድ ጊዜ በደንብ መነጋገር። ሁለታችሁም በምትስማሙበት ሰዓት፥ ሥራና ትምህርት በማይበደልበት ጊዜ፥ ረጋ ብላችሁ ተነጋገሩ። ከዚያ ውጭ ያለውን ሰዓት ለሥራው፥ ለጥናቱና ለጸሎቱ ተዉለት። ያዕቆብ ለራሔል ሰባት ዓመት ተገዛ፤ ስለሚወዳትም ጥቂት ቀን መሰለው (ዘፍ. 29፥20)። ፍቅሩ የታየው እርሷን በመጠበቅ ሳይሆን ስለ እርሷ ሥራውን በትጋት በመሥራት ነው።

ሦስተኛ፥ እንስማ። ሐዋርያው ያዕቆብ ለመስማት የፈጠንን፥ ለመናገርና ለቁጣ የዘገየን እንድንሆን መክሮናል (ያዕ. 1፥19)። ሌላው ተናግሮ ሳይጨርስ መልስ የምናዘጋጅ ከሆነ አልሰማንም። «እንዲህ ማለትሽ ነው?» ብሎ መልሶ መጠየቅ ብዙ ጠብ ያስቀራል።

አራተኛ፥ ፈሰሳችንን በጎረቤት ማሳ ላይ አንልቀቅ። የእጮኛን ጉድለት ለጓደኛ ማውራት የኢዮናዳብን ምክር መግዛት ነው። ጉዳዩ ከሁለቱ ዐቅም በላይ የሆነ እንደ ሆነ ግን የነፍስ አባት አለ፤ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሽማግሌዎች አሉ። እነርሱ ዘንድ መሄድ ሐሜት አይደለም።

አምስተኛ፥ «አይሆንም» የሚለውን ቃል እንቀበል። አንዲት ልጅ ሐሳቧን ለውጣ «ይቅርብን» ብትል፥ ይህ ንግግር ነውና መከበር አለበት። በየመንገዱ መጠበቅ፥ በየሰው መላክ፥ «ራሴን አጠፋለሁ» እያሉ ማስፈራራት የፍቅር ሥራ አይደለም። ልቡ የተሰበረ ወጣት ካለም ብቻውን አይቀመጥ፤ ለነፍስ አባቱ ይንገር፥ እኛም ወንድሞቹ እንቅረበው።

ስድስተኛ፥ እኅቶቻችን ሆይ፥ የሚያስፈራራ፥ የሚማታ፥ ከቤተሰብና ከትምህርት የሚለይ ሰው «ስለምወድሽ ነው» ቢላችሁ አትመኑት። እንዲህ ያለውን ታግሣችሁ ተሸከሙ የሚል የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የለም። ጊዜ ሳትሰጡ ለምታምኑት የቤተሰብ ሰው፥ ለነፍስ አባት፥ እንደ ነገሩም ክብደት ለሕግ ተናገሩ። ይህ በወንድም ላይ ቢደርስም ያው ነው።

በባልና በሚስት መካከልም ቢሆን ንግግር ሊቀር አይችልም። ቅዱስ ጳውሎስ ባልና ሚስት ለጾምና ለጸሎት ሲሉ ለጊዜው ሲለያዩ እንኳ በስምምነት እንዲሆን አዝዟል (1ኛ ቆሮ. 7፥5)። ለእግዚአብሔር የሚቀርበው ጾም እንኳ በመነጋገር ከሆነ፥ ሌላው ነገር ሁሉ እንዴት ያለ መነጋገር ይሆናል? በእጮኝነት ዘመን መነጋገርን ያልለመደ ሰው በተክሊሉ ማግስት ድንገት አይለምደውም።

መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ

በመጨረሻ ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ነገር እናስታውስ። በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ በክልላችን የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በየሰዓቱ በመልእክት መገናኘት ለለመዱ እጮኛሞች ይህ ከባድ ፈተና ነበር። በዚያን ጊዜ ፍቅሩን በክትትል ላይ የሠራ ሰው የሚይዘው ነገር አጣ። የመጨረሻው መልእክት መቼ እንደ ተላከ እየቈጠረ በጥርጣሬ ነደደ። አስቀድሞ በግልጽ የተነጋገረ ሰው ግን ምንም እንኳ ቢናፍቅና ስለ ደኅንነቷ ቢጨነቅ የሚደገፍበት ቃል ነበረው። «ብዘገይም እንዲህ አስባለሁ፤ ብጠፋም ትቼህ አይደለም» የሚል ቃል ተቀምጦለታል። አባቶቻችንና እናቶቻችን በደብዳቤ፥ ያውም ወር በሚፈጅ ደብዳቤ፥ ትዳር ያቆሙት በዚህ ዓይነት ቃል ነው።

እንግዲህ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ። ነገ ኔትወርክ ቢጠፋ፥ መንገድ ቢዘጋ፥ በእኔና በምወዳት መካከል፥ በእኔና በምወደው መካከል የሚቀር ቃል አለን? ካለን እግዚአብሔር ይመስገን። ከሌለን ዛሬ ጊዜ አለ። ሳንቆጣ፥ ሳንሸሽግ፥ በትሕትና እንነጋገር። ዝናሙ ይዘንባል፤ ፈሰሱን ማውጣት ግን የእኛ ሥራ ነው።

የተሸሸገውን አዳምን በፍቅር የጠየቀ አምላክ አንደበታችንን ከውሸትና ከኩርፊያ፥ ዓይናችንን ከክፉ ጥርጣሬ ይጠብቅልን። ለጋብቻ የተዘጋጁትን በሥርዓተ ተክሊል ለቅዱስ ቁርባን ያብቃልን፤ ያዘኑትንም ያጽናናልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤
ወለወላዲቱ ድንግል፤
ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።